ጠዋት ጠዋት ሦስት ፍሬ

የቲቢ መድኃኒት የጀመርኩ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሽንት ቤት ገብቼ በድንጋጤ ደርቄ ቀረሁ። ሽንቴ ቀይ ነው። ብርቱካናማ ነው ቢባል ይሻላል፤ ያኔ ግን ለእኔ ደም ነበር። የቆርቆሮውን በር ይዤ "በቃ፣ አለቀልኝ" አልኩ። ሳንባዬ ብቻ ነው ብለውኝ ነበር፤ ለካ ኩላሊቴንም ጨርሶታል ብዬ አሰብኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ እያየሁ አደርኩ።

ጠዋት ጤና ጣቢያ ስደርስ ለሲስተር በጆሮዋ ነገርኳት። "ውይ የኔ እህት፣ ትናንት ሳልነግርሽ! መድኃኒቱ እኮ ነው" አለችኝ። ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንትን ያቀላል፤ ላብንና እንባንም ጭምር። ጉዳት የለውም። መድኃኒቱ ሲያልቅ እሱም ይጠፋል።

ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። አንድ ቀን ቀድማ ብትነግረኝ ኖሮ ያ ሌሊት አይኖርም ነበር። ክፉ ሰው አይደለችም። በኋላ ከሰው ሁሉ የቀረበችኝ እሷ ነች። ግን ያን ቀን ወረፋው ረጅም ነበር፤ የተነገረኝም "በየቀኑ መጥተሽ እዚህ ትውጫለሽ፣ እንዳታቋርጪ" የሚለው ብቻ ነበር። ስለ ቲቢ ሕክምና ሳስብ ሁሌም የሚመጣብኝ ይሄ ነው። መድኃኒቱ ይሰጠናል፣ በነጻ ይሰጠናል፣ ያድነናልም። ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የሚዋጠውን ሌላ ነገር ግን የሚነግረን ሰው የለም።

ጊዜው 2009 ዓ.ም. ነው። ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ከእናቴ ጋር ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖራለን። ሳሉ የጀመረኝ ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በር ከፍተህ እስክታስገባው አይጠብቅም፣ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ "ብርድ ነው" ያላለኝ ሰው አልነበረም። ፌጦ በሎሚ ጠጣሁ። ዝንጅብል በማር ጠጣሁ። ዳማከሴ ታሽቶ ተቀባሁ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል አክታ መመርመር እንዳለበት በሬዲዮ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሰው ግን በሬዲዮ የሰማውን በራሱ ላይ አያደርሰውም። ሁለት ወር ተኩል ቆየሁ።

በዚያ ብርድ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቼ፣ ሌሊት ስነቃ ልብሴ ይጨመቃል። ጉልበቴ አልቆ የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጥ ያቅተኛል። የራሴን ቀሚስ በራሴ መኪና ሦስት ጊዜ አጠበብኩት። ደንበኞቼ "ሸንቀጥ አልሽ፣ እንዴት አምሮብሻል!" ይሉኝ ነበር። ሦስተኛውን ስፌት ስሰፋ ከጎንና ጎኑ የተረፈውን ጨርቅ በእጄ ይዤ አየሁት። አንድ ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

አክታ ሰጠሁ። ቲቢ ተባለ። በዚያው ቀን የኤችአይቪ ምርመራም አድርጊ ተባልኩ፤ ቲቢ የተገኘበት ሰው ሁሉ እንዲመረመር ይጠየቃል። አሠራሩ ትክክል ነው፣ አሁን ይገባኛል። ያን ቀን ግን ውጤቱን ስጠብቅ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር ዛሬም እግሬ ላይ አለ። ነጻ ነሽ ተባልኩ። ሰፈር ውስጥ ግን ሰው የራሱን ውጤት ቀድሞ አውጥቶ ነበር። ከሳሁ፣ ሳልኩ፣ ጤና ጣቢያ ተመላለስኩ፤ በቃ፣ "ያ በሽታ" ነው። አንዱን በሽታ ተሸክሜ የሌላውን ስም አብሬ ተሸከምኩ።

ሚዛን ላይ ስወጣ 41 ኪሎ። መድኃኒቱ በክብደት ስለሚሰጥ ለእኔ በቀን ሦስት ፍሬ ደረሰኝ። ስሜ የተጻፈበት ካርቶን ከመደርደሪያ ወረደ። አንዱ ፍሬ ውስጥ አራት መድኃኒት አለ፦ ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፓይራዚናማይድ፣ ኢታምቡቶል። አራቱ ለሁለት ወር፣ ከዚያ ሁለቱ ብቻ ለአራት ወር። ጥቅምት 20 ጀመርኩ። የሚያልቀው ሚያዝያ 20 ነው። ሲስተር ቀኑን ካርዴ ላይ ስትጽፍ ሚያዝያ ሌላ አገር መሰለኝ።

ኪኒኑ ትልቅ ነው። በባዶ ሆድ ይዋጣል። ጠዋት አንድ ሰዓት ከቤት እወጣለሁ፣ ሲስተር ፊት እውጣለሁ፣ ከዚያ ሆዴ መገለባበጥ ይጀምራል። አንዳንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ አፌን በነጠላዬ ይዤ፣ እንዳይወጣብኝ እየታገልኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ፒያሳ የምደርሰው። ብተፋው እንደገና መዋጥ ሊኖርብኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማስክ አድርጌ ነበር የምሄደው። ኮሮና ገና ያልመጣበት ዘመን ነውና ማስክ ያደረገ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሰው ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ያየኛል፣ ከዚያ "ረሳሁ" ብሎ ይወርዳል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደሴ በሙሉ ማስክ ሲያደርግ ስንቱን ሰው እያየሁ ያንን "ረሳሁ" አስታውሼ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ መገጣጠሚያዬን ያመኝ ጀመር። ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ የእጅ ጣት። ፓይራዚናማይድ ነው። ከመኪናው ላይ ስነሳ እንደ አሮጊት ጠረጴዛ ይዤ ነው። ትንሽ ቆይቶ እግሬን ማቃጠል፣ ጣቴን መደንዘዝ መጣ። ይሄኛው የአይሶኒያዚድ ነው፤ ነርቭ ይነካል። አንድ ቀን ነጭ ሸማ ላይ ጥልፍ እየሠራሁ ጨርቁ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። ከየት መጣ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ከእኔ ነው። መርፌው ጣቴን ወግቶት አልተሰማኝም። ለልብስ ሰፊ ጣት ማለት ዓይን ማለት ነው። ሸማውን በቀዝቃዛ ውኃ እያጠብኩ አለቀስኩ፤ እንባዬም ብርቱካናማ ይሆን እንዴ ብዬ መሐረቤን አየሁት።

ለሲስተር ስነግራት ቢ6 የሚባል ቫይታሚን ጨመረችልኝ። በወር ውስጥ ጣቴ ተመለሰ። እዚህ ላይ መናገር የምፈልገው አለ፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እንዲህ ያለው ነገር መፍትሔ ያለው ስለማይመስለው ነው። ዝም ብሎ ይችላል፣ ይችላል፣ አንድ ቀን ይተወዋል። ጣትህ ሲደነዝዝ ንገር። ዓይንህ ቢጫ ሲሆን፣ ምግብ ጨርሶ ሲዘጋህ፣ ደግሞ ዛሬውኑ ሩጥ፤ መድኃኒቱ ጉበት ሊነካ ይችላል። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ በየጠዋቱ በር ላይ አቁማኝ፣ በአውራ ጣቷ የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ስባ፣ በፀሐይ ብርሃን ታየኛለች። "ነጭ ነው" ትላለች። ከዚያ እሄዳለሁ።

ሲስተርም የራሷ ጥያቄ ነበራት። "ቀለም ይለይልሻል?" ኢታምቡቶል አልፎ አልፎ ዓይን ያደክማል፤ መጀመሪያ የሚምታታው ቀይና አረንጓዴ ነው። እንደ እኔ በክር ለሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ስለዚህ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው መስኮቱ ላይ ሁለት ጥቅል ክር ማስቀመጥ ሆነ። አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ። ጎን ለጎን አድርጌ አያለሁ። ቦታቸውን እቀያይርና እንደገና አያለሁ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ አደረግሁ። ኢታምቡቶሉ ካለቀ በኋላም ለብዙ ጊዜ እጄ ወደዚያ መስኮት ይሄድ ነበር።

የሰውነቱ ይሄ ነው። ከዚህ የከፋብኝ ግን ቡናው ነው።

ወሎ ውስጥ ቡና ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገርም። ዕጣኑ ሲጨስ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል፣ ሰው ሆዱን የሚያራግፈው እዚያ ላይ ነው። የአከራያችን ትንሽ ልጅ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን በእግሩ መታ መታ ያደርግና "እማዬ ሁለታችሁም ቡና ኑ ብላለች" ይላል። መድኃኒት በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ቀን ቤት ነበርኩ። በሩ ተመታ። ልጁ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "እማዬ፣ እማማ ቡና ይምጡ ብላለች" አለ።

አንድ ቃል ነው የጎደለው። "ሁለታችሁም" የሚለው።

እናቴ ድስት እያማሰለች ነበር። ቀና አላለችም። "ምጣድ ጥጃለሁ በላት፣ የኔ ጌታ" አለችው። ምጣዱ አልተጣደም። ያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ እናቴ የግቢውን ቡና አልጠጣችም። አንድ ቀንም ስለዚህ ነገር አላወራንም። እሷ ቡና የምትወድ ሴት ናት፤ ያለ ሰው የተጠጣ ቡና መድኃኒት ይመስላል የምትል ሴት።

አከራያችንን አልወቅሳትም። ትንሽ ልጅ አላት። ፈራች። ፍርሃቷም መነሻ ነበረው፤ ቲቢ በአየር ነው የሚተላለፍ፣ በሳልና በንግግር፤ ሕፃናት ላይ ደግሞ ይከፋል። የሚያናድደኝ፣ የፈራችው የማያስፈራውን መሆኑ ነው። ስኒውን ፈራች። በስኒ፣ በማንኪያ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። መድኃኒት በአግባቡ የጀመረ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይቀንሳል። እሷ መራቅ የጀመረችው ልክ አደጋው እየቀነሰ ሲመጣ ነው። ያ ሁሉ ክረምት መስኮት ዘግተን አብረን ቡና ስንጠጣ፣ እኔ ስስል፣ ማንም አልፈራም ነበር። ልጁም ተወስዶ መመርመር ነበረበት፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲህ ካለ በሽተኛ ጋር ከኖረ፣ እሱ ባይታመምም እንኳ የመከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል። ይህን የነገርኳት እኔ ነኝ፣ በር ላይ ቆሜ፣ ራቅ ብዬ። ወሰደችው። ደህና ሆነ።

ግን ስለ ስኒው እውነቱን ልናገር። ቤታችን ውስጥ ስኒ የለየሁት እኔ ራሴ ነኝ። ከንፈሯ ትንሽ የተሸረፈች አንዲት ስኒ ነበረች። እሷን ለብቻዋ አጥቤ፣ ለብቻዋ መስኮቱ ላይ፣ ከክሮቹ አጠገብ ደፋኋት። ማንም አላዘዘኝም። እንደማይተላለፍ ሲስተር በደንብ አስረድታኛለች። አውቃለሁ። ግን እጄ አላመነም። እናቴ አንድ ቀን ያቺን ስኒ አንስታ የራሷን ቡና ቀድታባት ስትጠጣ አይቼ፣ ከእጇ ልነጥቃት ተነሳሁ። "ተቀመጪ" አለችኝ። በሕይወቷ እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግራኝ አታውቅም። ተቀመጥኩ። ጠጥታ ጨረሰች፤ አጠበቻትና ከሌሎቹ ጋር ረከቦቱ ላይ ደረደረቻት። በማግስቱ እኔ መልሼ ለየኋት። እንዲህ ስንል ስንት ሳምንት ቆየን።

ሰው ከውጭ ሲገፋ አንድ ነገር ነው። ራሱን ሲገፋ ግን ማን ይድረስለት?

ሁለት ወር ሞላኝ። አክታዬ ተመረመረ፣ ንጹሕ ሆነ። ሳሉ ጠፋ። ላቡ ጠፋ። ኪሎዬ 46 ገባ፤ ቀሚሴን አንድ ስፌት ፈታሁለት። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ከባዱ የጀመረው። ስታመም መድኃኒቱን የምውጠው ስለምፈራ ነበር። አሁን የሚያስፈራኝ የለም፤ ጤነኛ ነኝ፤ መድኃኒቱ ብቻ ነው የሚያሳምመኝ። አራት ወር ይቀራል። በየጠዋቱ ደህና ሆኖ ተነስቶ በራስ እጅ ማቅለሽለሽን መዋጥ! ሲስተር እንዲህ አስረዳችኝ፦ ተህዋሲው ሁሉም እኩል ነቅቶ አይገኝም፤ የተኛ አለ፣ ቀስ ብሎ የሚራባ አለ። የነቃው ቶሎ ይሞታል። የተኛውን ለማግኘት ነው አራቱ ወር። ካቋረጥሽው የተረፈው ይነሳል፣ መድኃኒቱንም ይለምደዋል።

የለመደበትን ሰው ወረፋ ላይ አይቻለሁ። ሹፌር ነበር። ሲሻለው ትቶት ኖሮ፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሆኖበት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሊልኩት ወረቀት ሊወስድ የመጣ። በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለው ቲቢ ሕክምናው ከዓመት ተኩል በላይ ነበር፤ ወራት የሚወስድ መርፌም ነበረው፣ ጆሮ የሚጎዳ። አሁን ለብዙዎቹ በስድስት ወር፣ ያለ መርፌ፣ በኪኒን ብቻ የሚታከሙበት መንገድ መጥቷል፤ ያኔ ግን አልነበረም። ሰዎች "ለምን አቋረጥክ?" እያሉ ሲቆጡት እሰማ ነበር። "ሥራ ነዋ፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ሆኜ ማን ፊት ልዋጥ?" አለ። ማንም መልስ አልሰጠውም። እኔም የምከፈለው በሰፋሁት ቁጥር ነበርና ገባኝ። መድኃኒቱ ነጻ ነው፤ ጠዋቱ ግን ነጻ አይደለም። ለገና የሚደርስ ስንት ቀሚስ ወደ ሌላ ሰው እንደሄደብኝ አውቃለሁ። እንቁላልና ወተት ብዪ የሚሉኝ ሁሉ፣ እንቁላሉ በምን እንደሚገዛ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም።

ከአክስቴ በቀር። አክስቴ ኩታበር ነው ያለችው፣ ሙስሊም ናት፤ እናቴ ክርስቲያን። ቤታችን እንደ ብዙው የወሎ ቤት ነው። በየሳምንቱ እንቁላል በጭድ ጠቅልላ፣ በጄሪካን ወተት ይዛ ትመጣለች። ዐቢይ ጾም ሲገባ እናቴ ተጨነቀች። የንስሐ አባታችን "ለበሽተኛ ምን ጾም አለባት" ብለው ፈትተውኛል፤ ግን ቤቱ ሁሉ በጾም ላይ ሆኖ እንቁላል ብቻዬን መብላት አቃተኝ። ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። አክስቴ እንቁላሉን ራሷ ጠብሳ፣ ፊቴ ተቀምጣ፣ "አብሽሪ። ሐኪሙ ያለሽን አንቺ ብዪ፣ አንቺ ዋጪ። ዱዓውን ለእኛ ተዪው" አለችኝ። እስክጨርስ አልተነሳችም።

መጋቢት 15 የዓለም የቲቢ ቀን ነው፤ ሮበርት ኮክ የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1882 ተህዋሲውን ማግኘቱን ያሳወቀበት ዕለት። አምስተኛ ወሬ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ባነር ተሰቅሎ ንግግር ተደረገ። እኛ ከጀርባ፣ ከዋናው ሕንፃ ተነጥላ ባለችው የቲቢ ክፍል በር ላይ ተሰልፈን ሰማነው። ጥሩ ንግግር ነበር። ከተሰለፍነው አንዳችንን ጠርተው "እስቲ እናንተ ንገሩን" ቢሉ ምን እል ነበር እያልኩ ውስጤን ሳዘጋጅ ነበር። ስለ ቀዩ ሽንት ልናገር ነበር።

ሚያዝያ 20 ጨረስኩ። ሲስተር ካርዴ ላይ "ድኗል" ብላ ጻፈችና አቀፈችኝ። ቤት ገብቼ ያቺን ስኒ ረከቦቱ ላይ አደረግኋት። ያን ቀን አልመለስኳትም። አከራያችን ከፋሲካ ወዲህ ልጁን መላክ ጀምራ ነበር፣ "ሁለታችሁም" እያለች። ሄድን። ስለ ምንም አላነሳንም። እኔ ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ፣ ሳቅ ሲመጣብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እንደ ሰው ሁሉ ሸሸን። ኅዳር ማብቂያ ላይ ከተማው ተለቅቆ ስንመለስ ስንት ጤና ተቋም ተዘርፎ፣ ተሰባብሮ ነበር። ሰው ስለ ቤቱ፣ ስለ ሱቁ ያወራል። የእኔ ሐሳብ ስም የተጻፈባቸው ካርቶኖች ጋ ሄደ። ሦስተኛ ወሩ ላይ የነበረው ሰው የት ሄዶ ዋጠ? አንድ ወር ከምናምን ቀን! በየመንገዱ፣ በየትምህርት ቤቱ ወለል ላይ ተኝቶ የሚስል ሰው ስሰማ ልቤ ይመታ ነበር።

አሁን የራሴ ስፌት ቤት አለኝ። አምና አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ መሳል ጀመረ። ሁለት ሳምንት እንደሞላው መኪናውን አስቁሜ ይዤው ሄድኩ። ቲቢ ነው። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ወንበር ሳብኩለትና፣ "ስማኝ። ነገ ሽንትህ ይቀላል። ደም እንዳይመስልህ፣ መድኃኒቱ ነው" አልኩት። ስለ ጣቱ ነገርኩት። ስለ ክሮቹም።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ ስልኬ ጮኸ።

"እትዬ፣ ቀላ።"

"አዎ። ዋጥክ ዛሬ?"

"አራቱንም።"

"ጎበዝ። ና በል፣ ቡና ልታፈላ ነው እማማ።"